አቡጀዲ፦ የአንዲት ልብስ ሰፊ የብቻ ትርኢት፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

በመጀመሪያው ምሽት ሰው ሳቀ። ችግሩ የጀመረው ከዚያ ነው።

ቦታው ደሴ ነው፣ ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ የኪራይ አዳራሽ። መድረኩ ላይ ወደ ሃምሳ ዓመት የምትጠጋ ሴት ብቻዋን ቆማለች። ሆዷን ነፋ፣ ጣቷን ቀሰር አድርጋ፣ የአባቷን ድምፅ አወፍራ «እኔ ቤት አሸሼ ገዳሜ የለም!» አለች። አዳራሹ ፈነዳ። እኔ ከኋላ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ዘንድ ቆሜ ደስ አለኝ። ያንን ድምፅ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ግን ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ። በሩን ሲዘጋው ከሳቁ በላይ ተሰማ።

ስለዚያ ትርኢት ልጻፍ ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ጻፈው፣ ስሜን ግን ተወው» ብላኛለች። ሰፈሩ እንዳለ «እትዬ» ነው የሚላት፤ እኔም እንደዚያው እላታለሁ። እሷ ደግሞ «መምህር» ትለኛለች። አማርኛ አስተምራለሁ፣ የተማሪዎች ድራማ ክበብም ይዣለሁ። አዘጋጅ ነኝ ብዬ አልኮፈስም። መብራት ያበራሁት፣ ጽሑፍ የተየብኩት፣ አንዳንዴም ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

እትዬ ሰኞ ገበያ አካባቢ ጠባብ ሱቅ አላት። አንድ የኤሌክትሪክ ማሽን፣ አንድ የእግር ሲንጀር። ሲንጀሩ የአባቷ ነው፤ አባቷም ልብስ ሰፊ ነበሩ። የተዋወቅነው ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ነው። ሬዲዮው የወሎ ዘፈን ይዟል። እግሯ ፔዳሉን ይረግጣል፣ እጇ ጨርቁን ይገፋል፣ አንገቷ ግን የራሱን ሥራ ይሠራል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ትከሻዋ ንቅንቅ አይልም። አንገቷ ብቻ፣ ልክ መሳቢያ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ። በሩ ላይ ሰው መቆሙን ስታይ አቆመች።

«የት ተማርሽው?» አልኳት።

«ግድግዳ ላይ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ልጅ ሆና ቤታቸው መብራት አልገባም፤ ማታ ኩራዝ ነው። ሰው ሲተኛ ኩራዙን መሬት ላይ ታስቀምጥና ጀርባዋን ለእሳቱ ሰጥታ ግድግዳው ላይ ጥላዋን ታያለች። መስታወት ቤት ውስጥ የለም፤ ቢኖርም የአባቷ መላጫ መስታወት ነው፣ ከአፍንጫ በላይ አያሳይም። ጥላው ግን ይሉኝታ የለውም። ትከሻዋ ትንሽ ከነቃነቀ ጥላው አጉልቶ ያጋልጣታል። አንገት ብቻውን፣ ትከሻ ብቻውን፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ። በዘጠኝ ዓመቷ እንዲህ ነው የለየቻቸው። ብዙ የሠለጠኑ ተወዛዋዦች አይቻለሁ፤ የአንገቱንና የትከሻውን እንዲህ ጥርት አድርጎ የሚለይ ብዙ አላየሁም። የወሎ እስክስታ ደግሞ ዋና ነገሩ አንገት ላይ ነው።

ሱሪዬን እዚያው ረሳሁት። በሳምንቱ ስመለስ ትርኢት እንሥራ አልኳት። ሳቀችብኝ። ሦስተኛው ጊዜ ላይ «ምን ብዬ?» አለች። ያ «ምን ብዬ» እሺ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ የሠራነው በስልክ እየቀዳን ነው። እሁድ እሁድ ሱቋን ዘግታ ታወራለች፣ እኔ እቀዳለሁ፣ ሰኞ ማታ እተይባለሁ። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ጭፈራ የምትወድ ልጅ አለች። የቀበሌያቸው የሕፃናት ኪነት መረጣት። በ1976 ክረምት ሙሉ ተለማመደች። መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ልትጨፍር ነው። ጥቂት ቀን ሲቀረው አባቷ «አትጨፍሪም፣ በቃ» አሉ። ምክንያት አልነገሯትም። እሷ አልጨፈረችም። ከዚያም በኋላ መድረክ ላይ አልወጣችም።

የኪነቱን ነገር ለማያውቅ ወጣት ትንሽ ልበል። በደርግ ዘመን ቀበሌው፣ ከቀበሌ በላይ የነበረው ከፍተኛው፣ ፋብሪካው የየራሱ የኪነት ቡድን ነበረው። ዜማው የአገሬው ነው፣ ግጥሙ የአብዮቱ። እትዬ ያኔ የተማረችውን አሁንም ታንጎራጉረዋለች። ዜማው አምባሰል ነው፣ ቃሉ ግን ስለ ምርት ዘመቻ። አሠልጣኛቸው ዜማውን ይወደው ነበር መሰለኝ፣ ቃሉ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል አለችኝ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። ልጆቹ እንግዲህ በገዛ አገራቸው ዜማ የሌላ ሰው ቃል ይጨፍሩ ነበር።

የመጀመሪያው ጽሑፍ መጥፎ ነበር። አሁን ሳየው አፍራለሁ። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል። እትዬ ሁሉንም ሰው ትሆናለች፤ ልጅቷን፣ እናቷን፣ አሠልጣኙን፣ የቀበሌ ሊቀመንበሩን፣ አባቷን። ለየአንዳንዱ አንድ ድምፅና አንድ ዕቃ ሰጠናት። ለአባቷ ከዘራ፣ ለሊቀመንበሩ ካኪ ቆብ። ዕቃ ስታነሳና ስታስቀምጥ ግማሹ ጊዜ አለቀ። የልጅቷን ድምፅ ደግሞ አቅጥና ስታወራ ለጆሮ ይከብድ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ያለች ሴት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ስታወጣ ሰው ልጅቷን አያይም፤ ትልቋ ሴት ስትቸገር ነው የሚያየው።

ሌላው እስትንፋስ ነበር። ይህንን ማንም አልነገረን። እስክስታ የደረት ሥራ ነው። ትከሻ በፍጥነት ሲሄድ ደረት ለመተንፈስ ፋታ አያገኝም። ሦስት ደቂቃ ከጨፈሩ በኋላ ወዲያው ረጅም ዓረፍተ ነገር መናገር አይሆንም። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ደረጃ ወጥቶ ሰላም ማለት ራሱ ሥራ ነው። እኔ ጽሑፉን ስጽፍ ከእያንዳንዱ ጭፈራ ቀጥሎ ትልቁን ንግግር አስቀምጫለሁ። ወረቀት ላይ ያምራል። መድረክ ላይ ታለከልካለች። ሰዉ ስሜት መሰለው፤ አየር ማጣት ነበር።

ዘፈኑን ከስልክ በሞንታርቦ ለቀቅነው። ኪቦርድ ያጀበው የሰርግ ዘፈን። ሞንታርቦው ጮኸ። ሰዉ አጨበጨበ። ጥር ላይ ስለነበር ግማሹ ታዳሚ ከሰርግ የመጣ ይመስል ነበር፣ እኛም ሰርግ አደረግነው።

እና ያ ሳቅ። ወንድሟ በማግስቱ ሱቋ መጣ። እኔም ነበርኩ። ቁጭ በል ብትለው አልቀመጥ አለ። «አባባን ለሰው መሳቂያ አደረግሽው» አላት። «ሞቶ መልስ የማይሰጥ ሰው። ከዘራ እኳ ይዞ አያውቅም።» ወደ እኔም አየ፣ ግን ምንም አላለኝም። ስድቡ እሱ ነበር።

እውነቱን ነው። ከዘራውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። አንድ ሰው ብቻውን ሲተውን ተቃራኒ ወገን ያስፈልጋል ብዬ አስተምራለሁ፤ ግጭት ከሌለ ድራማ የለም እያልኩ። ስለዚህ ከልካዩን አባት አገኘሁና አበጠርኩት። ልጅነትን የሚተርክ ሰው ላይ አስቀድሜ የማየው ጥፋት ይህ ነው። ልጁ ያልገባውን ነገር ሁሉ ወላጁ ክፋት ላይ ያስቀምጠዋል። ልጁማ መብቱ ነው። ጽሑፉን የሚጽፈው ትልቅ ሰው ግን መብት የለውም።

ወንድሟ ሲወጣ እትዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አክስቴ ጋ እንሂድ» አለች።

አክስቷ ሆጤ አካባቢ ነው የሚኖሩት። የአባቷ ታናሽ እህት ናቸው፣ ሰማንያን አልፈዋል። ቡና ተፈላ። ዕጣኑ እየጨሰ፣ ስኒው እየተደረደረ፣ እትዬ ወግ አላበዛችም።

«አክስቴ፣ አባባ ጭፈራ ለምን ይጠላ ነበር?»

አሮጊቷ ሳቁ። «ማን? ወንድሜ? ሰርግ ላይ ከበሮውን ቀምቶ የሚይዘው ማን መሰለሽ? የናትሽንስ ልብ በምን ወሰደው?»

«ታዲያ እኔን ለምን ከለከለኝ? የዚያን ጊዜ?»

ጀበናውን አስቀመጡ። ማሰብ አላስፈለጋቸውም። ለአርባ ዓመት ጥያቄውን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ነበር።

ያን ክረምት በሐይቅ በኩል የሚመጣው መንገድ ሰው ብቻ ነበር አሉ። ከሰሜን፣ በእግሩ። ቀበሌው ለበዓሉ ልጆች ልብስ እንዲሰፋ አቡጀዲ ሰጠው። ወንድሜ የሌሎቹን ልጆች ሰፋ። ያንቺን ለመጨረሻ አቆየው፣ ያንቺማ እዚሁ ቤት ናት ብሎ። አንድ ማለዳ በሩን ሲከፍት በረንዳው ላይ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጁ ሌሊቱን አልፏል። መገነዣ የላትም። ገባና ያንቺን ድርሻ አውጥቶ ሰጣት። ገና መቀስ አልነካውም ነበር።

እኔ መሐል ገባሁ። «እናትየዋ ሙስሊም ነበረች ክርስቲያን?»

አዩኝ። «ልጁ ሞቷል እኮ ነው የምልህ» አሉኝ።

አፈርኩ። ዝም አልኩ።

አቡጀዲ ያኔ በቀበሌ ሱቅ፣ በኩፖን ነበር የሚገኘው። ሌላ ልግዛ ቢሉ ከየት? ቀበሌው የጨርቁን ሂሳብ ከስፌቱ ዋጋ ላይ ቆረጠባቸው። ልብስ የሌላት ልጅ ደግሞ ሰልፍ ውስጥ አትገባም።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች እትዬ።

«ለዘጠኝ ዓመት ልጅ? ልብስሽን ሬሳ ለበሰው ብሎ? እኔም ብዬዋለሁ፣ ንገራት ብዬዋለሁ። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፣ እኔን ትጥላ እንጂ ጨርቅ አትፍራ አለኝ።»

«አርባ ዓመት ሙሉ አንቺስ?»

«ማን ጠየቀኝ?» ቶናውን ቀዱ።

እዚህ ላይ የቀን ቆጠራ አንድ ነገር ያሳያል። አሥረኛው ዓመት መስከረም 2 ተከበረ። የደርግ ፓርቲ የነበረው ኢሠፓም በዚያው ሰሞን ተመሠረተ። ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከነበረው ከኮረም የተቀረጸው የረሃቡ ምስል በቢቢሲ የታየው ጥቅምት 13 ነው። አርባ አንድ ቀን ልዩነት። ዓለም ሳያይ በፊት የደሴ በረንዳዎች ያውቁ ነበር። የሚገርመው፣ የሚከበረው አብዮት ራሱ አንድ እግሩ የቆመው በ1966ቱ የወሎ ረሃብ ላይ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ ትልቁ ክስ የተደበቀው ረሃብ ነው። እትዬ የተወለደችው ንጉሡ በወረዱበት በ1967 ነው። በሁለቱ ረሃቦች መሐል ያደገች ልጅ ናት። ይህን ሁሉ ትርኢቱ ውስጥ ለመክተት አምሮኝ ነበር። ደግነቱ የሰማኝ የለም።

ሁለት ቀን ሱቋን አልከፈተችም። በሦስተኛው ቀን ደወለች። «መምህር፣ እሰርዘዋለሁ።» ሄድኩ። ተከራከርን። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ የመጨረሻው ትዕይንት ላይ አክስቷን ትሆናለች፣ ታሪኩን እንዳለ ትናገራለች፣ መብራት ይጠፋል። እሺ አለች፣ አንድ ጊዜ ሞከረችው። ከበሮ የሚመታልን ልጅ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። የአክስቷን ነጠላ አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠች።

«አይሆንም» አለች። «ልጁን አላውቀውም። እናቱንም አላውቃትም። በሰው ሬሳ ጭብጨባ አልበላም።»

ለምን ስሜቱ እንደዚያ እንደሠራ ላስረዳት ሞከርኩ። «የሠራው አንተ ላይ ነው» አለችኝ። እንግዲህ ምን ይባላል።

ያገኘነው መፍትሔ የመጣው ከእኔ አይደለም፣ ከኩራዙ ነው። እትዬ ትርኢቱ ውስጥ ልጅቷ የምታውቀውን ብቻ ልናገር አለች። ልጅቷ የምታውቀው አባቷ «በቃ» ማለታቸውን ነው። የአባቷን ድምፅ ጣልን፣ ከዘራውን ጣልን፣ ካኪ ቆቡንም። ሁሉም ሰው ጥላ ይሁን አለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መድረኩ ጀርባ ላይ ነጭ አቡጀዲ ይወጠራል። ሦስት ስፋት ገጥማ የሰፋችው ራሷ ነች። መሬት ላይ፣ ከፊት በኩል፣ አንድ መብራት ብቻ ይቀመጣል። ወደ መብራቱ ስትጠጋ ጥላዋ ያድጋል፤ አቡጀዲውን ሞልቶ ጣራውን ይነካል። ወደ አቡጀዲው ስታፈገፍግ ጥላዋ ይቀንሳል፣ የራሷን ልክ ያክላል። ጎንበስ ስትል ደግሞ የልጅ ቁመት ይሆናል። ስለዚህ ልጅ ለመሆን ድምፅ ማቅጠን አያስፈልግም፤ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ነው። አባት ለመሆን ሦስት እርምጃ ወደ ፊት። ሁለቱ ከአንድ ገላ ይወጣሉ፣ በአንድ ጊዜ ግን አይታዩም።

በመጀመሪያ የተለመደውን ፓውዛ ሞከርን። አልሆነም። ፓውዛ ብርሃኑ ከሰፊ ገጽ ስለሚወጣ ጥላው ጠርዙ ይደበዝዛል፣ አንገቷ ከትከሻዋ አይለይም። ጥላ ጥርት የሚለው ብርሃኑ ከአንድ ትንሽ ነጥብ ሲመጣ ነው። ከበሮ የሚመታልን ልጅ ቀን ቀን ባጃጅ ይነዳል፤ የባጃጁን የፊት መብራት አምፖል ከነባትሪው ነቅሎ አመጣ። እንደ ምላጭ የሰላ ጥላ ወጣ። መብራት ቢጠፋም አያሳስብም፣ ይህ በእኛ ከተማ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚያ ሲንጀሩ መጣ። የቀዳነውን የሰርግ ዘፈን ካወጣን በኋላ ምት ያስፈልገን ነበር። እትዬ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ፔዳሉን ረገጠች። ታክ-ታካ-ታክ። ፍጥነቱን እግሯ ይወስናል፤ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲያዘግም ያዘግማል። እና በመጀመሪያው ቀን ሱቋ ውስጥ ያየሁት ነገር ተመለሰ። ከወገብ በታች ልብስ ሰፊ ናት፣ ከወገብ በላይ ትጨፍራለች። የእስክስታ ጸጋው ይኸው ነው፤ እግር ሥራ ላይ ቢሆን እንኳ አንገትና ትከሻ ነፃ ናቸው። ከተከለከለች በኋላ ልጅቷ ጭፈራውን ያልተወችው እንዲህ ነው ለካ። አባቷ ስፌት ሲያስተምሯት ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ትጨፍር ነበር። «አባባ ያየኝ ነበር ወይ?» ብላ አክስቷን ጠይቃቸዋለች። «ያያል እንጂ። ዘወር ይላል» አሉ።

ይህች «ዘወር ይላል» ትርኢቱ ውስጥ ገብታለች። ማሽኑ ላይ ስትጨፍር ትቆይና ትነሳለች፣ ወደ መብራቱ ትጠጋለች፣ ትልቁ ጥላ አቡጀዲው ላይ ይቆማል። ሰው ቁጣ ይጠብቃል። ጥላው ቀስ ብሎ ፊቱን ያዞራል። ያለ ቃል። ስለ አባቷ ትርኢቱ ከሚናገረው ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው።

እስትንፋሱንም እግረ መንገዳችንን አስተካከልነው። ንግግሩን ከጭፈራው በፊት አደረግን። ከጭፈራ በኋላ ማሽኑ ይናገራል፣ እሷ ትተነፍሳለች። ጠቅላላው አርባ ደቂቃ ሆነ።

ለሁለተኛው ምሽት ኮምቦልቻን የመረጥነው በአጋጣሚ ነው፤ አዳራሹ ርካሽ ነበር። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ይወርዳል። እትዬ ለልምምድ ስንወርድ ጃኬቷን አውልቃ «እዚህማ አየሩ በነፃ ነው» አለች። እውነትም ትንፋሿ ረዘመ። ሲንጀሩን ይዞ የወረደው ወንድሟ ነው። ማንም አልጠየቀውም። የአባባ ማሽን በሰው እጅ አይሄድም ብሎ አይሱዙው ኋላ ላይ አብሮት ተቀመጠ። ትርኢቱ መቀየሩን ግን አልነገርነውም።

አንድ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ደሴ የተለማመድንበት መድረክ ጣውላ ነው፤ ማሽኑ ሲረገጥ ወለሉ እንደ ከበሮ ይመልሳል። የኮምቦልቻው ሲሚንቶ ነበር። ድምፁ ደረቀ፣ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ አይሰማም። ግማሽ ቀን ፈጀብን። በመጨረሻ ከጎረቤት እንጨት ቤት ሰፊ ጣውላ ተውሰን፣ ከሥሩ ትናንሽ እንጨቶች አስገብተን ክፍት ቦታ ፈጠርን። ድምፁ ተመለሰ።

ታዳሚው ከደሴው ይለያል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ከየገጠሩ የመጡ ልብስ የሚሰፉ ወጣት ሴቶች አሉ። ከእነሱ አንድ ሁለት ረድፍ የሞላ መጥቶ ነበር። ሲንጀሩ ሲታይ ተሳሳቁ፤ እነሱ ጋ ማሽኑ በኤሌክትሪክ ነው። ከዚያ እትዬ እየረገጠች አንገቷን ስታንቀሳቅስ ዝም አሉ። ከመሐላቸው አንዷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ሳታውቀው መሰለኝ፣ አንገቷን አብራ ማንቀሳቀስ ጀመረች።

ትርኢቱ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ልጅቷ በበዓሉ ቀን ቤት ቀርታለች። ከሩቅ ከበሮ ይሰማል። «አባባ ልብሴን የት እንዳደረገው አላውቅም» ትላለች። የመጨረሻው ንግግር ይኸው ነው። ከዚያ ትነሳና አቡጀዲውን ከተወጠረበት ታወርደዋለች። ጥላ የሚያርፍበት ይጠፋል። መሬት ላይ ትዘረጋዋለች። ሁለቱን ጎኖች ወደ መሐል ታጥፋለች፣ በቁመቱ። ጫፍና ጫፉን ትቋጥራለች። ስፌት የለመደ እጅ ነው፣ አይንቀጠቀጥም፣ አይቸኩልም። ያዘጋጀችውን በሁለት እጇ አንስታ ማሽኑ ላይ ታጋድመዋለች። መብራቱን ራሷ ታጠፋለች።

ጭብጨባ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ደነገጥኩ። አዳራሹ መብራት ሲበራ በግራ በኩል የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሲገቡ እንደዚያ አልነበሩም። አጠገባቸው ያሉ ሁለት ሴቶችም እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሲልኩ አየሁ። ወጣቶቹ ግን እርስ በርስ ይተያዩ ነበር። ከኋላ ጭብጨባ ተጀመረ፣ ግማሹ ሰው አጨበጨበ፣ ግማሹ አላጨበጨበም።

የሁለታችን ጠብ እዚህ ላይ አልተፈታም። እኔ አሁንም አንድ ዓረፍተ ነገር ይጎድለዋል እላለሁ። ከሰላሳ ዓመት በታች ያለው ሰው መገነዣ መሆኑን አላወቀም። ብዙዎቹ ጨርቅ አጥፋ ወደ ቤቷ የሄደች ነው የመሰላቸው። በሥራ ቋንቋ ብናገር፣ ፍጻሜው ለግማሹ ታዳሚ አልደረሰም፤ ይህ ደግሞ ትንሽ ጉድለት አይደለም። እትዬ ጉድለት ነው ብላ አትቀበልም። ገንዘቡን በተመለከተ ግን አንጣላም። ከአዳራሽ ኪራይና ከአይሱዙው በኋላ ለሦስት ሰው ምሳ የሚሆን ተረፈ።

ስንወጣ አንድ ተማሪ መጣና ትሕትና በተሞላ ድምፅ ጠየቃት። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ መጋረጃውን ለምን አወረድሽው? ትርኢቱ ገና መሰለኝ።»

እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። አሁን ትነግረዋለች አልኩ።

«አቧራ ይዞ ነበር የኔ ልጅ» አለችው። «ላጥበው ነው።»

ውጭ ማካፋት ጀምሯል። ወንድሟ ሲንጀሩን አይሱዙው ላይ ጭኖ ቆሟል። ስለ ትርኢቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። «የሚለበስ ነገር አምጡልኝ፣ ዝናብ ይገባዋል» አለ። እኔ አቡጀዲውን አንስቼ ልሰጠው ስል እትዬ ከእጄ ወሰደችው። ላስቲክ ፈልጋ ሰጠችው። አቡጀዲውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጋቢና ገባች። ሽቅብ ስንወጣ፣ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ሱሪዬ ካለቀ ወራት እንዳለፈው አስታወሰችኝ።